ራስ የሌለው የማር ዘበኛ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተር ልዑልቃል የእትዬ በዛወርቅን ስፌት ቤት የጓዳ በር ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ በመስኮቱ አጠገብ ራስ የሌለው ሰው ቆሞ አየ። እጁ ሳያስበው ወደ ወገቡ ሄደ። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ግን ሰው ሳይሆን ልብስ መሆኑ ገባው። በእንጨት ላይ የቆመ፣ ደረቱ ከዛፍ ልጥ የተሰፋ፣ ትከሻው ላይ የደረቀ የኮረሪማ ፍሬ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረበት፣ ከወገቡ በታች የቃጫ ዘርፍ የሚወርድበት ልብስ ነው። አንገቱ ላይ የእንጨቱ ጫፍ ብቻ ቀርቷል።

«ጭንቅላቱን ብቻ ነው የወሰዱት» አለች ከኋላው የቆመችው ዙፋን። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ማልቀሱን ማታውኑ የጨረሰችው ትመስላለች።

ዙፋን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ እዚሁ ስፌት ቤት ተቀጥራ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ይህን ልብስ ለመሥራት ሰባት ወር ፈጅቶባታል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በቦንጋ የወጣቶች አዳራሽ ውድድር አለ፤ ውድድሩን ያመጡት የአዲስ አበባ ወጣቶች ኮስፕሌይ ይሉታል። ተወዳዳሪው ከሥዕል ወይም ከተረት አንድ ገጸ ባሕርይ ይመርጣል፣ ልብሱን ከራስ እስከ እግር በገዛ እጁ ይሠራል፣ ለብሶት መድረክ ላይ ይወጣል። የዙፋን ገጸ ባሕርይ የማር ዘበኛ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለች የሥዕል አስተማሪዋ በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይስለው የነበረ፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚጠብቅ ፍጡር። አንደኛ የወጣ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ቴአትር ቤት የአልባሳት ክፍል ለአንድ ዓመት ይሠለጥናል። የዕድሜ ገደቡ ሃያ አምስት ነው። ዙፋን መስከረም ላይ ሃያ ስድስት ይሞላታል።

«ጎዶሎ ልብስ አይመዘገብም» አለች። «ደንቡ ከራስ እስከ እግር ነው የሚለው።»

«እንደገና ብትሠሪውስ?»

«በዚህ ዝናብ? ወረቀቱ ለመድረቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።»

ልዑልቃል ቁልፉን አየ። አልተሰበረም። ከጓዳው ውስጥ አዲስ የስፌት መኪና፣ ሦስት ጥቅል ጨርቅና የእትዬ በዛወርቅ የከሰል ካውያ እንደተቀመጡ አሉ። ሌባው እነሱን አልፎ ከወረቀት የተሠራ ጭንብል ይዞ ወጥቷል። የጣቢያው አዛዥ ጠዋት ጉዳዩን ሲሰሙ ስቀው ነበር። ለልዑልቃል ግን ሳቅ አልመጣለትም። ዋጋ ያለውን ትቶ ዋጋ የሌለውን የሚወስድ ሌባ ሁልጊዜ ያሳስበዋል።

እትዬ በዛወርቅ የሆነውን በዝርዝር ነገሩት። ረቡዕ የሰፈሩ ሽማግሌ የጋሽ በዛብህ ቀብር ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ መላው ሰፈር ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ቁልፉን እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ባለችው የአበባ ቆርቆሮ ሥር አስቀመጡት።

«ያንን ማን ያውቃል?» አላቸው።

«ማን የማያውቅ አለ? ያቺ ቆርቆሮ እኮ የሰፈሩ ኪስ ናት።»

ዝናቡ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ አላቆመም። ሲመለሱ በሩ እንደተቆለፈ፣ ቁልፉ እቦታው፣ ጭንቅላቱ ግን የለም።

ጭንብሉን ማን ማን እንዳየው ጠየቀ። ዙፋን ትንሽ አፍራ፣ ማክሰኞ በአዳራሹ ልምምድ ላይ ያላየው ሰው እንደሌለ ነገረችው። ከቃጫ ጎፈሩ በታች ፊቱ ሁሉ ስስ ወረቀትና ሰም ስለሆነ፣ ብርሃን ሲመታው እንደ ማር ይበራል። የአዳራሹ ዘበኛ ራሱ ላይ አጥልቆት ሳቀ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ ባለባጃጁ ደጉም አጥልቆት ጨፈረ። የውድድሩ ኮሚቴ ጸሐፊ አቶ ደምመላሽ ደግሞ በዓይኑ ቀዳዳ የመድረኩ ደረጃ በደንብ ይታይ እንደሆነ ለማረጋገጥ አደረገውና ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ ጥቂት ቆየ።

«ምን አሉ?»

«ጥሩ ነው አሉ። በምን እንደሠራሁት ጠየቁኝ። ሁሉም ይጠይቀኛል።»

«የዛተብሽ ሰው አለ?»

 እትዬ በዛወርቅ መለሱላት። «ደጉ ነዋ። በሰው ፊት ‹ራስሽን ጠብቂ፣ ያለሱ አትወጪም› ብሏታል።»

*

ደጉ ባጃጁን ገበያው ዳር አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ብለው የሚያሙት አሉ፤ እሱ ግን ሃያ አምስት ነኝ ባይ ነው። ለውድድሩ ከዘይት ቆርቆሮ የብረት ሰው ሠርቷል።

«ቀልድ ነው» አለ ጥያቄውን ሳይጨርስለት። «ለሷ ያልቀለድኩ ለማን ልቀልድ? እኔ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ጣቴ አልቋል፣ እሷ በወረቀት ልትበልጠኝ ነው።»

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቀብር።»

ቶሎ መለሰ። ከዚያ የባጃጁን መስታወት ደጋግሞ መጥረግ ጀመረ። ልዑልቃል ከማን ጎን ቆሞ እንደነበር ሲጠይቀው፣ በዚያ ዝናብ ሁሉም ላስቲክና ጃንጥላ ሥር ስለነበር ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም አለ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስም ይመስላል።

የሰፈሩ እድር ግን ሰው ሲያጣ ዝም አይልም። ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ የገባውን አባል በዓይኑ እያየ ስሙ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የቀረ ሰው በወሩ ስብሰባ ይወቀሳል። የእድሩም ጸሐፊ፣ እንደ ውድድሩ ኮሚቴ ሁሉ፣ አቶ ደምመላሽ ነው። ጽሑፉ ስለሚያምር ወረቀት ያለበት ሥራ ሁሉ ለእሱ ይሰጣል።

ልዑልቃል በመሥሪያ ቤቱ አገኘው። ደምመላሽ የሰነድ ክፍል ኃላፊ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። በዙፋን ነገር እጅግ ማዘኑን ገልጾ ወንበር ሳበለት። የረቡዕን የእድር ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየው። መቶ አርባ ሁለት ስም ተሰልፏል። የአምስት ሰዎች ስም ላይ ምልክት የለም፤ አምስቱም ታመው የተኙ መሆናቸውን ሰፈሩ ያውቃል። በደጉ ስም ላይ ምልክት አለ።

«እኔ በር ላይ ነበርኩ» አለ ደምመላሽ። «ደጉ ገብቷል። ልጁ አፉ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ኢንስፔክተር።»

ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ልዑልቃል በዚያ ዝናብ እንዲህ መቆየቱን ሲያደንቅ፣ ደምመላሽ ትልቅ ጃንጥላ እንዳለው ነገረው። በሩ ድረስ ሲሸኘው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰው ማማት አይወድም፤ ግን የዙፋን አባት ጋሽ ገብረሚካኤል የልብሱን ነገር ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ልጃቸው አዲስ አበባ እንድትሄድም አይፈልጉም። ረቡዕ ለቀብሩ ከማንኪራ መጥተው እትዬ በዛወርቅ ቤት አድረዋል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አንድ ክብ ነገር በጆንያ አዝለው ሲወጡ ያያቸው ሰው አለ።

«ቤተሰብ ውስጥ ቢፈልጉ ይሻላል» አለ። «እኔ ግን አላልኩም።»

ልዑልቃል ሲመለስ ባጃጁ ጋ ቆመና፣ በእድሩ ወረቀት ላይ እንደተገኘ መጻፉን ለደጉ ነገረው።

«ተጽፌያለሁ?» አለ ደጉ።

ፊቱ ላይ የታየው ደስታ አልነበረም። ያልጠበቀው ስጦታ የደረሰው ሰው ግራ መጋባት ነበር። ልዑልቃል ያንን ፊት ይዞት ሄደ።

*

ዓርብ ጠዋት ሞተሩን የመኪናው መንገድ የሚያልቅበት ላይ ትቶ ወደ ማንኪራ በእግሩ ገባ። የጫካው ቡና ቅጠል ውኃ ያንጠባጥብበታል። ጋሽ ገብረሚካኤልን ከቤታቸው ጀርባ ቀፎ ሲጠርቡ አገኛቸው። አጭር፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ስለ ጆንያው ሲጠይቃቸው ቢላቸውን አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡና በቅጠል የተጠቀለለ ክብ ነገር ይዘው መጡ። ቅጠሉን ሲገልጡት የሰው ራስ የሚያህል የሰም ድቡልቡል ነው።

«ከሥራዋ የተረፈ ነው» አሉ። «የኔ ስለሆነ ወሰድኩት። ይህን ነው የፈለግከው?»

ልዑልቃል ልብሱን አይወዱትም እንደሚባል ነገራቸው። አልካዱም። የሰው ፊት ያለው ነገር ሰው ሳይኖርበት ሲያዩት ደስ አይላቸውም። ልጃቸው ከሄደች ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ እናትየዋ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ረቡዕ ግን ከስምንት እስከ አሥራ አንድ የጋሽ በዛብህን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። የቃሬዛው ሌላ ጫፍ የጣቢያው ምድብተኛ አሥር አለቃ ትከሻ ላይ ነበርና ምስክር መፈለግ አላስፈለገም።

«ልጅህ ብትሆን ትሰርቃት ነበር?» አሉት።

«ለማስቀረት የሚሰርቅ አባት አይቻለሁ።»

«እኔ ለማስቀረት ብፈልግ ሰሙን እከለክላት ነበር።»

የጀመሩትን ቀፎ አንስተው አሳዩት። ውስጡ ሰም ተቀብቷል፣ ውጩ እንጨቱ እንዳለ ነው። ንብ የምትገባው ውስጡ ስለሆነ ሰሙ የሚቀባው ከውስጥ ነው፤ ዙፋንም ጭንቅላቱን ስትሠራ እንዲህ አድርጊ ብለዋት መጀመሪያ ውስጡን ቀባችው። እሷ ብርሃን እንዲያሳልፍ ፈልጋ ከውጭም ደገመችው።

«ከውጭ ላየው ያማረ ነገር ነው» አሉ ቢላቸውን እያነሱ። «ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን የገባበት ነው የሚያውቀው።»

ልዑልቃል እርጥቡን መንገድ ሲመለስ ያቺን አባባል አልረሳትም። ጭንቅላቱ ውስጥ የገቡት የአዳራሹ ዘበኛ፣ ደጉና ደምመላሽ ናቸው። ዘበኛው ማንበብና መጻፍ አይችልም። ለምን ይህ ትዝ እንዳለው ገና አላወቀም።

*

ቦንጋ ሲደርስ ኮንስታብል ይመኙሻል፣ እሱ ባዘዛት መሠረት፣ የደጉን የቆርቆሮ ልብስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። የትከሻውን ማንገቻ ገልብጣ አሳየችው። ቆርቆሮው በእጅ የተቀጠቀጠ ነው፤ ማንገቻው ግን በመኪና፣ በቀይ ድርብ ክር የተሰፋ ነው። የስፌቱ መነሻና መድረሻ እንደ ባለሙያ ሥራ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ታስሯል።

«ደጉ መርፌ እንኳ አይዝም» አለች። «ቦንጋ ያሉትን ሰፊዎች በሙሉ ጠየቅኩ። ማንም አልሰፋለትም።»

ተጠርቶ የመጣው ደጉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቶ ነበር። ልዑልቃል ማንገቻውን አጠገቡ ሲያስቀምጥ ብዙ አልተከራከረም።

«ደካ ከተማ ሄጄ ነው ያሰፋሁት» አለ። «እዚህ ባሰፋ ይታወቅብኛል። ደንቡ በገዛ እጅ ነው የሚለው።»

«መቼ ሄድክ?»

«ረቡዕ ጎህ ሲቀድ። ሐሙስ ጠዋት ተመለስኩ።»

«ቀብር ነበርኩ አላልከኝም?»

«ደካ ነበርኩ ብል ለምን ሄድክ ትለኛለህ። ከውድድሩ እወጣለሁ። ከዚያ አንተ በወረቀት ተጽፈሃል አልከኝ። ጸሐፊው ተሳስቶ ከጻፈኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ይመኙሻል ደካ ላለው ሰፊ ደወለች። ሰውየው ደጉን፣ ማንገቻውን፣ ቀዩን ክር፣ ደጉ ማታ እሱ ቤት ማደሩንም ነገራት። ስልኩን ስትዘጋ ልዑልቃል ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ዝናብ ያይ ነበር።

ደጉ ደካ ከነበረ በቤተ ክርስቲያኑ በር አላለፈም። በር ላይ ቆሜ ሲገባ አይቼዋለሁ ያለው ሰው አላየውም። ምናልባት ማንንም አላየም። የታመሙትን አምስቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሌላው ሰው ከቀብር እንደማይቀር ገምቶ፣ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ምልክቱን ደርድሯል። ያ ወረቀት ለደጉ ምስክር መስሎት ነበር። ለካ የጸሐፊው የራሱ መከላከያ ነበር።

ግን ደምመላሽ የወረቀት ጭንብል ምን ያደርግለታል?

*

ዙፋን ከጓዳው ጥግ አንድ ከረጢት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች። ልዑልቃል ከጭንቅላቱ የተረፈ ካለ አሳዪኝ ብሏት ነበር። የተቆረጠ ቃጫ፣ የኮረሪማ ፍሬና አንድ የተበላሸ ጉንጭ ወጣ። በመጀመሪያ የሠራችው ጉንጭ ነው፤ ጠምዘዝ ስላለባት ጥላው ሌላ ሠራች።

ልዑልቃል ጉንጩን አንስቶ ከውጭ አየው። የማር ቀለም ያለው ለስላሳ ነገር ነው። ገልብጦ የውስጡን ወደ ፊቱ አድርጎ መስኮቱ ላይ ደገነው።

ፊደል ታየው።

ሰሙ ወረቀቱን እንደ መስታወት ብርሃን አሳላፊ አድርጎታል። የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፣ የጽዳት ዕቃ ይሰጠን የሚል፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ ሁሉ ይነበባል።

«ይህን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»

«ከእትዬ ብርቄ ሱቅ። ስኳርና ጨው የሚጠቀልሉበት ነው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙሬ ነው የለጠፍኩት፣ ከውጭ እንዳይታይ። ምን እንደሚል አላነበብኩም።» ትንሽ አሰበች። «በግራ ጉንጩ በኩል ግን የስም ዝርዝር ነበር። ረጅም። ማኅተምም ነበረው።»

እትዬ ብርቄ ከሱቃቸው መደርደሪያ ጀርባ ሆነው፣ ወረቀቱ ከሁለት ወር በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ተጠራርጎ የወጣ አሮጌ ወረቀት መሆኑን ነገሩት። አንድ ጆንያ ሙሉ ነበር። አሁን አንድ ቅጠል አልቀረም፤ ረቡዕ ጠዋት ገና ሱቃቸውን ሲከፍቱ አንድ ሰው መጥቶ የተረፈውን በሙሉ ወሰደው። ለከሰል ማቀጣጠያ ነው አላቸው።

«ሰውየውን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም? ወረቀቱን መጀመሪያ ያመጣልኝ እሱ አይደል? የእድራችን ጸሐፊ ነው። ያመጣኸውን መልሰህ ልትወስድ ነው ወይ ብዬ ቀልጄበት ነበር። አልሳቀም።»

*

ደምመላሽ የተከራየው ቤት ከስድስት ተከራዮች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ልዑልቃልና ይመኙሻል የፍርድ ቤቱን ማዘዣ ይዘው አሥር ሰዓት ላይ ሲደርሱ ከሥራ ገና መመለሱ ነበር። በትሕትና አስገባቸው። ሳጥኑን ከፈተላቸው፣ አልጋውን አነሳላቸው። ምንም የለም። ልዑልቃል ወደ በረንዳው ወጣ። ከጣሪያው አሸንዳ ሥር አንድ በርሜል ቆሞ የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል። በርሜሉ ላይ ጣውላ ተከድኗል። ዝናብ ለማጠራቀም የተቀመጠ በርሜል ለምን ይከደናል?

ጣውላውን አነሳው። ውኃው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን ሲያወጣው የማር ዘበኛው ራስ ከሥሩ ተነሥቶ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ። የቃጫ ጎፈሩ ረጥቧል። ፊቱ ግን ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ እንዳልነበረ ሁሉ ደረቅ ብሎ፣ ወርቃማ እንደሆነ ነው።

ደምመላሽ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተው።

«ወረቀት ይሟሟል ብለህ ነበር» አለው ልዑልቃል።

«ሰም እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።» ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። «ላቃጥለው አሰብኩ፣ ግቢው ሰው ነው፣ ሽታው ይወጣል። የሽንት ቤቱ ቀዳዳ ደግሞ አያሳልፈውም፤ ብቆራርጠው አንዷ ቁራጭ ብትገኝ ትነበባለች።»

«ምን አየህ እውስጡ?»

 ይመኙሻል ጭንብሉን አንጠባጥባ ወደ ብርሃን አነሳችው። በግራ ጉንጩ ላይ የስም ዝርዝር ጫፍ ይታያል። ግማሹ ሌላ ወረቀት ተደርቦበታል። የሚነበበው ርዕሱና አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ለሰነድ ክፍል ኃላፊነት የተሰጠ የጽሑፍ ፈተና ውጤት። ከሥሩ ዘጠነኛው መስመር ላይ ደምመላሽ የሚል ስም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከተማው ሁሉ ባየው ዝርዝር ግን ደምመላሽ አንደኛ ነበር።

«ራስህ ነህ ከመሥሪያ ቤቱ ያወጣኸው» አለ ልዑልቃል።

«መቶ ቤት ስኳር ተጠቅልሎበት ያልቃል ብዬ ነበር» አለ ደምመላሽ። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ካላመጣችሁልኝ አልናገርም አለ።

*

የጣቢያው አዛዥ ጭንብሉን አገላብጠው አዩት። አልሳቁም፤ ግን አልተደሰቱም። ሰውየው ነገ ጠዋት ችሎት ይቀርባል። ለአንድ የወረቀት ጭንብል ዳኛው አያቆየውም፤ ከወጣ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሰኞ ድረስ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ሰነዱ ሙሉውን፣ ፈራሚዎቹ ጭምር፣ እስከ ጠዋት መነበብ አለበት።

ልዑልቃል ጭንብሉን ይዞ ስፌት ቤት ሄደ። ዙፋን ስታየው ሁለት እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም። መጀመሪያ ሁሉንም ነገራት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የተደረበው ወረቀት ሳይቀደድ ይላጣል ወይ? የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዙፋን ጭንብሉን ገልብጣ ውስጡን አየች። እትዬ በዛወርቅ ስፌታቸውን አቆሙ። አይላጥም ብትል የሚያጣራ ሰው በከተማው ውስጥ የለም፤ ልዑልቃል ያምናታል፣ ጭንብሉ ሙሉ ሆኖ ነገ መድረክ ላይ ይወጣል። እሱም ይህን ያውቃል። አላስታወሳትም፣ አላባበላትም።

«በፈተናው አንደኛ የወጣው ማን ነው?» አለች።

«አይታይም። ከሥር ነው።»

ጣቷን በጉንጩ ዳር አስኬደች። «ይላጣል» አለች። «ጉንጩ ግን ይወጣል።»

የከሰል ካውያውን አቀጣጠሉ። ዙፋን የግራውን ጉንጭ በምላጭ ዙሪያውን ቆርጣ አወጣችው። ንጹሕ ጨርቅ ደርባ ካውያውን ቀስ ብላ አሳረፈችበት፤ ሰሙ ወደ ጨርቁ ወጣ። ሰባት ወር የለፋችበትን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ንጣፍ በንጣፍ ለያየችው፤ እጇ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። የመጨረሻው ወረቀት ሲለቅ ልዑልቃል መብራቱን አቀረበ። የሦስት ፈታኞች ፊርማና ማኅተሙ ሙሉ ነው።

በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈውን ስም ዙፋን ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐሙስ ወዲህ ሳቀች፣ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ደጉ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈተና ወደቅኩ ብሎ ባጃጅ የነዳው ደጉ።

*

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ደጉ ልብሱን ሳይለብስ ከመዝጋቢዎቹ ፊት ቆሞ ማንገቻውን ደካ ማሰፋቱን ራሱ ተናገረና ስሙን አሰረዘ። ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ሌሊቱን አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል።

ዙፋን የማር ዘበኛውን ለብሳ ስትመጣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ዳኛ አስቆመቻት። የቀኝ ጉንጩ በመስኮቱ ብርሃን ይበራል። በግራ በኩል ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው የዙፋን የራሷ ጉንጭ ይታያል።

«ይህ ጎዶሎ ነው» አለች ዳኛዋ።

«ጎዶሎ አይደለም» አለች ዙፋን። ስትናገር እንደ ልማዷ መሬት መሬት አላየችም። «አንዱ ክፍል ፖሊስ ጣቢያ ነው።»

ልዑልቃል ከጎኗ ቆሞ ነበር። ማኅተም ያለበትን የርክክብ ወረቀት አውጥቶ ሰጠ። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ብላ ጭንብሉን፣ ቀዳዳውን፣ ከቀዳዳው ያለውን ፊት አየች። ከዚያ ወረቀቱን ከመመዝገቢያው ቅጽ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ ወደ መድረኩ እንድትወጣ እጇን ዘረጋች። ከኋላ ጋሽ ገብረሚካኤል ቆብ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር፤ መቼ እንደገቡ ማንም አላየም።

ሰኞ ጠዋት ልዑልቃል የኤግዚቢት መዝገቡን ከፈተ። ችሎቱ ሰነዱን አይቶ ደምመላሽን በእስር አቆይቶታል። ውጤቱን ማን እንደቀየረ፣ ማን እንደተየበው ገና ብዙ የሚጠየቅ ሰው አለ። እሱን በሌላ ፋይል ጀምሮታል። እዚህ ላይ የሚጽፈው አጭር ነው፦

አንድ የግራ ጉንጭ፣ ከወረቀትና ከማር ሰም የተሠራ፣ በስድስት ንጣፍ የተለያየ። ሠሪዋ፦ ዙፋን ገብረሚካኤል። የሚመለስበት ጊዜ፦ ሠሪዋ ከአዲስ አበባ ሥልጠና ስትመለስ።